ከመቶ ዶላር ስንቱ ለቤት ኪራይ? የካውንቲ ሠንጠረዥ የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

የሚሠራው አንድ ሠንጠረዥና አንድ ካርታ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በየካውንቲው ተከራይ ከገቢው ስንት እጁን ለቤት እንደሚከፍል የሚያሳይ። አገሩ በሙሉ ይወርዳል፤ ዓይን የሚያርፈው ግን ሐበሻ በሚበዛባቸው ላይ ነው። ከሜሪላንድ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ፣ ከቨርጂኒያ ፌርፋክስ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ፣ ዲሲ ራሷ፣ የሲያትሉ ኪንግ፣ አትላንታ ጥግ ያለው ዲካልብ፣ ዳላስ፣ የኮሎምበሱ ፍራንክሊን፣ ዴንቨርና ጎረቤቱ አራፓሆ፣ የላስ ቬጋሱ ክላርክ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ከሚኔሶታ ሄነፒንና ራምዚ።

ከሁሉ አስቀድሞ መቆረጥ ያለበት "ገቢ" ሲባል የማን ገቢ እንደሆነ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው የካውንቲውን ሚዲያን ኪራይ (ከትንሹ እስከ ትልቁ ቢሰለፍ መሃል ላይ የሚገኘውን) በካውንቲው ሚዲያን ገቢ ማካፈል ነው። ችግሩ ታህቱ ላይ የቤት ባለቤቶችም ገቢ አብሮ መግባቱ ነው። ለማሳያ ያህል ኪራዩ በወር 1,900 ዶላር ይሁን፤ በዓመት 22,800 ይሆናል። የነዋሪው ሁሉ ሚዲያን ገቢ 110,000 ቢሆን 20.7 በመቶ ይወጣል። የተከራዮቹ ብቻ ሚዲያን 70,000 ቢሆን ደግሞ 32.6 በመቶ። ኪራዩ ያው፣ ቤቱ ያው፤ አንዱ ቁጥር "ምንም አይል" ሲል ሌላው "አልፏል" ይላል።

ሁለተኛውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይታመንም። መሃል ላይ ያለውን ኪራይ የሚከፍለው ሰውና መሃል ላይ ያለውን ገቢ የሚያገኘው ሰው አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ውሳኔው ይህ ነው፦ ድርሻው ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው የተሰላበት ሠንጠረዥ ይወሰድ፤ እኛ ሁለት ሚዲያኖችን አናካፍልም።

መስመሩ 30 በመቶ ነው። አመጣጡ የሳይንስ ግኝት አይደለም። በ1969 በማሳቹሴትሱ ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ስም የሚጠራው የሕግ ማሻሻያ የመንግሥት ቤት ተከራይ ከገቢው 25 በመቶ በላይ እንዳይከፍል አደረገ፤ በ1981 ወደ 30 ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ "ኪራይ የከበደው" ለማለት ሁሉም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን "በጣም የከበደው" ይባላል።

ቀን 2

ምንጩ የሴንሰስ ቢሮ በየዓመቱ የሚያካሂደው አሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ፣ በአጭሩ ኤሲኤስ ነው። በዓመት 3.5 ሚሊዮን ገደማ አድራሻዎች በናሙና ይመረጣሉ። ሁለት ዓይነት ውጤት አለው። የአንድ ዓመቱ ትኩስ ነው፤ ሆኖም ከ65,000 ሕዝብ በታች ያላቸውን አካባቢዎች አይሰጥም። የአምስት ዓመቱ ሁሉንም ካውንቲ ይሰጣል፤ የዘገየና የተድበሰበሰ ነው። አገር አቀፍ ካርታ ስለሚሠራ የተመረጠው የአምስት ዓመቱ፣ ከ2019 እስከ 2023 ያለው ነው፤ የወጣው በዲሴምበር 2024 ነው።

የሚያስፈልጉት ሠንጠረዦች አራት ናቸው። ዋናው ቢ25070 ነው፤ ተከራይ ቤቶችን ከገቢያቸው በሚከፍሉት መቶኛ ይደረድራቸዋል። ቢ25071 የዚያው መቶኛ ሚዲያን ነው። ቢ25064 ሚዲያን ኪራዩን በዶላር ይሰጣል። ቢ25119 ገቢን በባለቤትና በተከራይ ለይቶ ያወጣል፤ 3ኛው መስመር የተከራዩ ነው። የመጨረሻው የሚፈለገው ለማስረጃ እንጂ ለስሌት አይደለም፤ ቀን 1 ላይ የተባለውን ክፍተት በየካውንቲው ለማሳየት።

እዚህ "ኪራይ" ማለት ለአከራዩ የሚሰጠው ቼክ ብቻ አይደለም። መብራት፣ ጋዝ፣ ውሃ፣ ማሞቂያ ተከራዩ ራሱ የሚከፍል ከሆነ ይደመርበታል። ይህ ባይሆን ኖሮ ሁሉን አካቶ 1,800 የሚያስከፍል ሕንጻ፣ 1,600 ጠይቆ በክረምት 250 ዶላር የማሞቂያ ቢል ከሚያስታቅፈው ሕንጻ ይልቅ ውድ መስሎ ይታይ ነበር። "ገቢ" ደግሞ ከግብር በፊት ያለው ነው፤ እዚያ ቤት የሚኖሩ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ገቢ ሁሉ ተደምሮ።

ቀን 3

ማውረድ። ሁለት መንገድ አለ፤ የመጀመሪያው ጊዜ ፈጀ። ከድረ ገጹ ላይ የሚታየውን ሠንጠረዥ እንዳለ ወደ ኤክሴል ማውጣት ይቻላል፤ ግን የስህተት ህዳጉ (ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዛነፍ የሚችልበት መጠን) "±" ምልክቱን ይዞ፣ ሺዎቹም በኮማ ተለያይተው ይመጣሉ። ኤክሴል ያንን ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይለውም። ሲደመር ዜሮ ይሰጣል፤ ማስጠንቀቂያ ግን የለም። በዚፕ የሚወርደው ፋይል የጠራ ነው፤ ራስጌው ግን ሁለት ረድፍ ነው፣ አንዱ ኮድ ሌላው ማብራሪያ። ሁለተኛውን ረድፍ ሳይሰርዙ መጀመር ዓምዱን በሙሉ ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል።

በኤፒአይ (መረጃውን ከቢሮው ኮምፒውተር በቀጥታ በትእዛዝ በመጠየቅ) መጥራት ይሻላል። በአንድ ጥሪ ከ50 በላይ ዓምድ አይፈቅድም። ቢ25070 ከነህዳጉ 22 ዓምድ ስለሆነ ይበቃዋል።

የመጣው ረድፍ ብዛት 3,222 ነው። ትክክለኛው መሆን ያለበት 3,144 ነው። ልዩነቱ 78 የፖርቶ ሪኮ አስተዳደሮች ናቸው፤ ኤፒአዩ አብሮ ይልካቸዋል። የስቴት ኮዳቸው 72 ስለሆነ በአንድ ማጣሪያ ይወጣሉ። ይህን ሳያደርጉ አገር አቀፍ ድምር ማውጣት ከኦፊሴላዊው በላይ ይሰጣል።

ዜሮ መጥፋት ሌላው ነው። የካውንቲ መለያው (ፊፕስ ኮድ) አምስት አሃዝ ነው፤ ሁለቱ የስቴት፣ ሦስቱ የካውንቲ። ኤክሴል ፋይሉን በድርብ ጠቅታ ሲከፍት ሎስ አንጀለስ 06037 የነበረችው 6037 ትሆናለች፣ አራፓሆ 08005 የነበረው 8005። ሞንትጎመሪ 24031 ስለሆነ ምንም አይሆንም፤ ስህተቱ የማይታየው ለዚህ ነው። የምሥራቁ አብዛኛው ደህና ይመስልና ካሊፎርኒያና ኮሎራዶ ካርታው ላይ ባዶ ይቀራሉ። መፍትሔው ፋይሉን በቀጥታ አለመክፈት፣ በ"ዳታ አስገባ" በኩል አስገብቶ ያንን ዓምድ "ጽሑፍ" ብሎ መወሰን ነው።

ቀን 4

የስሌቱ ቀን። ቢ25070 አስራ አንድ መስመር አለው። 1ኛው ጠቅላላ ድምር ነው። ከ2 እስከ 6 ያሉት ከ30 በታች የሚከፍሉ ናቸው። 7ኛው ከ30 እስከ 34.9፣ 8ኛው ከ35 እስከ 39.9፣ 9ኛው ከ40 እስከ 49.9፣ 10ኛው 50 እና በላይ። 11ኛው "ያልተሰላ" ነው።

11ኛው መስመር ነው ሰው የሚያስተው። እዚያ ያሉት ኪራይ በጥሬ ገንዘብ የማይከፍሉ (ለምሳሌ የዘመድ ቤት በነፃ የተቀመጠ) እና በዚያ ዓመት ገቢያቸው ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች የሆኑ ናቸው። ድርሻቸው ስለማይታወቅ ከታህቱ መውጣት አለባቸው። ካልወጡ "ያልከበደው" ጋር እንደተቆጠሩ ይቀራል።

በተፈጠሩ ቁጥሮች እንየው። ካውንቲው 10,000 ተከራይ ቤት አለው። መስመሮቹ በቅደም ተከተል 350፣ 800፣ 1,150፣ 1,250፣ 1,100፣ ከዚያ 900፣ 650፣ 850፣ 2,350፣ በመጨረሻ ያልተሰላ 600። ላዕሉ ከ7 እስከ 10 ያሉት ድምር፣ 4,750። ታህቱ 10,000 ሲቀነስ 600፣ 9,400። ውጤቱ 50.5 በመቶ። 600ው ሳይቀነስ ቢቀር 47.5 ይሆን ነበር። ሦስት ነጥብ ማለት ካውንቲውን "ከግማሽ በላይ" ከሚለው ወደ "ከግማሽ በታች" የሚያሻግር ነው፤ ለጋዜጣ ርዕስ ይህ ትንሽ አይደለም። በጣም የከበዳቸው 2,350 ለ9,400፣ ልክ 25 በመቶ።

ሚዲያኑንም ከዚያው በእጅ አውጥቶ ከቢ25071 ጋር ማስተያየት ጥሩ ፈተና ነው። የ9,400 ግማሽ 4,700 ነው። እስከ 29.9 ድረስ ያሉት ሲደመሩ 4,650 ናቸው። 50 ቤት ይቀራል፤ ቀጣዩ መደብ 900 ቤት በ5 ነጥብ ስፋት ይዟል። 50 ሲካፈል ለ900 ሲባዛ በ5፣ 0.28። ሚዲያኑ 30.3 በመቶ። የእጁ ስሌትና የቢሮው ቁጥር ጥቂት ቢለያዩ ግድ የለም፤ ከአንድ ነጥብ በላይ ከተራራቁ ግን የተሳሳተ መስመር ተይዟል ማለት ነው።

አንዲት ጥቃቅን ነገር፦ ደንቡ "ከ30 በላይ" ይላል፣ 7ኛው መስመር ግን ልክ 30.0 ያለውንም ይዟል። ሠንጠረዡ ስለማይለየው እንዳለ ተትቷል።

ቀን 5

ድምር ፈተና። የ3,144ቱ ካውንቲ 1ኛ መስመር ሲደመር ከአገር አቀፉ ረድፍ ጋር ገጠመ። ከዚህ ውጭ ሌላ ማነጻጸሪያ አለ፤ ቢሮው በ2023 የአንድ ዓመት ውጤት ድርሻቸው ከተሰላላቸው 42.5 ሚሊዮን ተከራይ ቤቶች 49.7 በመቶው ከ30 በላይ እንደሚያወጡ፣ ሚዲያኑም 31.0 እንደሆነ አውጥቷል። የእኛ የአምስት ዓመት ስለሆነ ቁርጥ እሱን አይሆንም፤ በአቅራቢያው ግን መውደቅ አለበት። ወድቋል።

የማይሠራው ፈተና የካውንቲዎቹን ሚዲያን በአማካይ አስልቶ የአገሩን ሚዲያን መፈለግ ነው። ቴክሳስ ያለው ላቪንግ ካውንቲ በ2020 ቆጠራ 64 ሰው ነበረው፤ በአማካይ ስሌት ከሎስ አንጀለስ ጋር እኩል ድምፅ ያገኛል። እንዲህ ባሉ ትንንሽ ቦታዎች ላይ ሌላም ወጥመድ አለ፦ ናሙናው ሲያንስ ቢሮው በሚዲያኑ ቦታ −666666666 ያስቀምጣል፣ በህዳጉ ቦታ −222222222። "መረጃ የለም" ማለት ነው። ኤክሴል ግን እንደ ዕዳ ይቆጥረውና አማካዩን ገደል ይከተዋል። ከማናቸውም ስሌት በፊት ከዜሮ በታች የሆነውን ሁሉ ባዶ ማድረግ ግድ ነው።

ሚዲያን ኪራይ ላይ 3501 የሚል ካለ ትክክለኛ ኪራይ አይደለም። "3,500 ወይም ከዚያ በላይ" ማለት ነው፤ ጣሪያው እዚያ ነው።

ቀን 6

የስህተት ህዳግ። ኤሲኤስ ናሙና ስለሆነ እያንዳንዱ ቁጥር ከጎኑ ህዳግ አለው፤ በ90 በመቶ የመታመን ደረጃ። ካውንቲን ከካውንቲ ለማበላለጥ የሚነሳ ሰው ይህን ዓምድ ካላወረደ ባይነሳ ይሻላል።

መስመሮች ሲደመሩ ህዳጎቻቸው አይደመሩም፤ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ይደመሩና የድምሩ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል። የቀን 4ቱ ምሳሌ ላይ የአራቱ መስመሮች ህዳግ 160፣ 130፣ 150 እና 260 ቢሆን ድምሩ 132,600፣ ሩቱ 364 ነው። የታህቱም እንዲሁ፦ የጠቅላላው ህዳግ 380፣ ያልተሰላው 120 ቢሆን 158,800።

ለድርሻው ህዳግ፣ ከላዕሉ 132,600 ላይ የድርሻው ካሬ (0.5053 × 0.5053) በ158,800 ተባዝቶ ይቀነሳል። 132,600 − 40,546 = 92,054። ሩቱ 303.4፤ ለ9,400 ሲካፈል 3.2 ነጥብ። እንግዲህ ካውንቲው 50.5 ሳይሆን "ከ47.3 እስከ 53.7 ባለው መሃል" ነው። ከሩቱ ሥር ያለው ቁጥር ከዜሮ በታች ከሆነ ቀመሩ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ መቀነሱን ወደ መደመር መቀየር ነው። በትንንሽ ካውንቲዎች ይህ ብዙ ጊዜ ስለሚከሰት ሴሉ ውስጥ "ከሆነ" የሚል ትእዛዝ ቀድሞ ገብቷል።

ሁለት ካውንቲ ማወዳደር፦ አንዱ 50.5 ± 3.2፣ ሌላው 47.0 ± 2.5 ነው እንበል። ልዩነቱ 3.5። የሁለቱ ህዳግ ካሬ ተደምሮ ሩቱ 4.1። 3.5 ከ4.1 ስለሚያንስ "ይበልጣል" ማለት አይቻልም። ከአንደኛ እስከ ሦስት ሺኛ የተደረደረ ሰንጠረዥ ለማውጣት የነበረው ሐሳብ በዚህ ምክንያት ቀርቷል። 412ኛና 455ኛ ካውንቲ መካከል ያለው ልዩነት ወሬ ነው። በምትኩ እያንዳንዱ ካውንቲ ከአገር አቀፉ "ይበልጣል"፣ "ያንሳል"፣ "አይለይም" ከሚሉት ሦስት ምልክቶች አንዱን ያገኛል።

ቀን 7

ስምና ወሰን። በስም ማጋጠም ፈጽሞ ክልክል ነው። ዋሽንግተን የሚባል ካውንቲ ብቻ 30 ገደማ አለ፤ ሞንትጎመሪም በብዙ ስቴት አለ። ባልቲሞር ከተማና ባልቲሞር ካውንቲ ሁለት የተለያዩ ናቸው (24510 እና 24005)፣ ሴንት ሉዊስም እንዲሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ 38 ከተሞች ከየትኛውም ካውንቲ ውጭ ራሳቸውን ችለው ይቆጠራሉ፤ አሌክሳንድሪያ (51510) አንዷ ናት።

ለእኛ አንባቢ ይህ ወሳኝ ነው። ፖስታው ላይ "አሌክሳንድሪያ" ወይም "ፎልስ ቸርች" ተብሎ የሚጻፍ አድራሻ ብዙ ጊዜ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ቤይሊስ ክሮስሮድስና ስካይላይን አካባቢ ያለ ሰው ፖስታው ፎልስ ቸርች ይበል እንጂ የሚቆጠረው በፌርፋክስ (51059) ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ የከተማ አስተዳደር የላትም፤ ሞንትጎመሪ ውስጥ ናት። የፖስታ ስም የፖስታ ቤቱ ጉዳይ ነው፤ ካውንቲ የሚታወቀው የንብረት ግብሩ ወይም የልጁ ትምህርት ቤት በየት በኩል እንደሆነ በማየት ነው።

የኮኔቲከት ጉድ እዚህ ጋ ወጣ። ካርታው ሲሳል ኮኔቲከት በሙሉ ባዶ ሆነች። ከ2022 ጀምሮ ቢሮው ስምንቱን የጥንት ካውንቲዎች ትቶ በዘጠኝ የፕላን ክልሎች ይጠቀማል፤ ኮዶቻቸውም ሌላ ናቸው። የወረደው የወሰን ፋይል የ2021 ነበር። በ2023ቱ ተተካና ሞላ። ሕጉ ቀላል ነው፦ የወሰኑ ዓመትና የመረጃው የመጨረሻ ዓመት አንድ ይሁኑ።

ቀን 9

የከበዳቸው ድርሻ ከፍተኛ ሆኖ የወጣባቸው ካውንቲዎች ሲታዩ ግራ ያጋባሉ። ማያሚ ዴድና ሎስ አንጀለስ ከግማሽ በላይ መሆናቸው ይጠበቃል። ግን መሃላቸው ጸጥ ያሉ የገጠር ከተሞች አሉ፦ ኢታካ ያለችበት ቶምፕኪንስ፣ ፑልማን ያለችበት ዊትማን፣ የኦሃዮዋ አቴንስ። ሁሉም የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናቸው። ዶርም የሚያድር ተማሪ በዚህ ሠንጠረዥ አይቆጠርም፤ ከግቢ ውጭ ተከራይቶ የሚኖረው ግን ይቆጠራል። ገቢው የካፌ ደመወዝ ናት፤ ኪራዩን ወላጅ ወይም የትምህርት ብድር ይሸፍናል፣ ብድር ደግሞ ገቢ አይባልም። ስለዚህ 80 እና 90 በመቶ የሚከፍል "ድሃ" ሆኖ ይመዘገባል። ሐሰት አይደለም፤ ካርታው ላይ ግን ከማያሚ ጋር በአንድ ቀለም መቀባቱ ያሳስታል። የኮሌጅ ተማሪ ብዛት ከሕዝቡ አንጻር ከፍ ያለባቸው ካውንቲዎች ላይ ጭረት ተደርቧል፤ ቁጥሩ አልተነካም።

ቀን 10

ቁጥሩ የማያየው። ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው አኗኗር ከኤሲኤስ መጠይቅ ቅጽ ጋር የሚጋጨው እዚህ ነው።

ቤዝመንት። የራሱ መግቢያ ያለው፣ ተለይቶ የሚኖርበት ቤዝመንት ራሱን የቻለ ቤት ነው፤ ነዋሪው ተከራይ ተብሎ ይቆጠራል። በባለቤቱ ሳሎን አልፎ የሚወርድ ክፍል ግን የባለቤቱ ቤት አካል ነው። ኪራዩ የትም አይታይም፣ የክፍሉ ተከራይ ደመወዝም በባለቤቱ ቤት ገቢ ላይ ይደመራል። በወር 900 ከፍሎ ክፍል የያዘ ሰው በቢ25070 ውስጥ የለም።

ደባል። አንድ አፓርታማ በወር 2,100 ነው። አንዱ በወር 6,000 ያገኛል፣ ሌላው 2,400፤ እኩል 1,050 ይከፍላሉ። ቅጹ የሚያየው 2,100 ለ8,400፣ 25 በመቶ፣ ደህና ቤት። በየግል ግን አንዱ 17.5፣ ሌላው 43.8 በመቶ ነው።

ኡበርና ታክሲ። የግል ሠራተኛ ገቢ ከወጪ በኋላ ያለው እንዲጻፍ ነው ቅጹ የሚጠይቀው። ጠቅላላ 68,000 የሠራና ለቤንዚን፣ ለኢንሹራንስና ለመኪና 24,000 ያወጣ ሰው 44,000 ብሎ መመለስ አለበት። በወር 1,700 ኪራይ፣ በዓመት 20,400፤ ለ44,000 ሲካፈል 46.4 በመቶ። በችኮላ 68,000 ብሎ ከሞላ 30 በመቶ ብቻ ይሆናል። አንድ ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ሰውየውን ሁለት መደብ ያዘልለዋል።

ዕቁብ ሲደርስ የሚገኝ ገንዘብ ገቢ አይደለም፤ የራስ ቁጠባና የሌላ ሰው ብድር ነው። ወደ አገር ቤት የሚላከው ደግሞ ከገቢ ላይ አይቀነስም። በወር 300 ዶላር ለእናቱ የሚልክ ሰው 28 በመቶ ቢወጣለት፣ እጁ ላይ የሚቀረው 28 ከሚያወጣ ጎረቤቱ ጋር እኩል አይደለም። ሠንጠረዡ ይህን እንዲያውቅ የሚያደርግ መንገድ የለም።

ሴክሽን ኤይት (መንግሥት የኪራዩን ከፊል በቫውቸር የሚከፍልበት እርዳታ)። ሙሉ ኪራዩ 2,200፣ ተከራዩ ከኪሱ 600፣ ገቢው በዓመት 24,000። ቅጹ ላይ የውሉን ኪራይ ከጻፈ 26,400 ለ24,000፣ 110 በመቶ፤ የራሱን ድርሻ ከጻፈ 7,200፣ ማለትም 30። ሰዎች ሁለቱንም ያደርጋሉ። ቫውቸር በሚበዛባቸው ካውንቲዎች የ10ኛው መስመር ከፍታ ከፊሉ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ቀን 11

ካርታ። ቀለሙ አምስት ደረጃ፦ ከ40 በታች፣ 40 እስከ 45፣ 45 እስከ 50፣ 50 እስከ 55፣ 55 እና በላይ። ሶፍትዌሩ ራሱ የሚሰጠው ክፍፍል (ካውንቲዎቹን በእኩል ብዛት መመደብ) አልተወሰደም፤ የ0.3 ነጥብ ልዩነት ያላቸውን ጎረቤቶች በተለያየ ቀለም ይቀባል። ህዳጋቸው ከ10 ነጥብ በላይ የሆኑ ካውንቲዎች ግራጫ ናቸው። ምዕራቡ ላይ ግራጫው ሰፊ ይመስላል፤ ሰው የሌለበት መሬት ስለሆነ ነው።

ቀን 13

በገቢ መደብ መክፈል። ቢ25074 ድርሻውን በሰባት የገቢ እርከን ይለየዋል፤ ከ10,000 በታች ተነስቶ 100,000 እና በላይ ድረስ። 64 መስመር ስላለው ከ50 ዓምድ ገደቡ ያልፋል፤ ኤፒአዩን "ቡድኑን በሙሉ" ብሎ መጥራት ወይም በዙር በዙር መክፈል ይገባል። ይህ ጨዋታውን ይቀይራል። 200,000 አግኝቶ 35 በመቶ የሚከፍልና 30,000 አግኝቶ 35 በመቶ የሚከፍል በቢ25070 አንድ መደብ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን በዓመት 130,000 ይቀረዋል፣ ሁለተኛው 19,500። ስለዚህ ለሐበሻ ካውንቲዎች "ከ50,000 በታች ከሚያገኙት ስንቱ" የሚል ሁለተኛ ዓምድ ተጨመረ። አራቱ የታችኛ እርከኖች ይደመራሉ፤ እያንዳንዱ እርከን የራሱ "ያልተሰላ" መስመር ስላለው አራቱም ከታህት ይቀነሱ።

ቀን 14

ውጤቱ ሲነበብ። ፌርፋክስና ፕሪንስ ጆርጅስ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚታየው ይህ ነው፦ በዶላር የፌርፋክስ ኪራይ ይበልጣል፤ ኪራይ የከበደው ሰው ድርሻ ግን ፕሪንስ ጆርጅስ ይበልጣል። ሳን ፍራንሲስኮ የኪራይ ዋጋዋ ከአገሩ ከፍተኞቹ መካከል ሆኖ የከበዳቸው ድርሻ ከአገር አቀፉ በታች ነው። የተከራዮቿ ገቢ ከፍተኛ ነው፣ የኪራይ ቁጥጥርም አለ፤ መክፈል ያቃተውም ቀድሞ ለቆ ወጥቷል። ለቆ የሄደው ሰው በሄደበት ካውንቲ ነው የሚቆጠረው። የዋጋ ካርታና የክብደት ካርታ አይመሳሰሉም፤ "ውድ ነው" ተብሎ የሚሸሸው ቦታና ኑሮ የሚያጥርበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ሞንትጎመሪን በሚመለከት ከሠንጠረዡ ሥር አንድ መስመር ገብቷል። ካውንቲው ከጁላይ 2024 ጀምሮ የኪራይ ጭማሪን በዋጋ ንረት ላይ 3 ነጥብ፣ ቢበዛ 6 በመቶ ብሎ ገድቧል፤ ከተሠሩ 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንጻዎች አይነኩም። የእኛ መረጃ በ2023 ስለሚያበቃ የዚያ ሕግ ውጤት እዚህ ካርታ ላይ የለም፤ ማንም ይህን ካርታ ይዞ ለሕጉም በሕጉም ላይ ሊከራከርበት አይችልም።

ከቀድሞ ጋር ለማነጻጸር የሚወሰደው ከ2014 እስከ 2018 ያለው ነው። ከ2018 እስከ 2022 ያለው አራት ዓመት ስለሚጋራ ለውጥ አያሳይም። የ2020 የአንድ ዓመት ውጤት ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት በመደበኛው መንገድ ስላልወጣ አይነካም።

የቀረ

የሐበሻ ተከራዮችን ብቻ ለይቶ ማውጣት በነዚህ ሠንጠረዦች አይሆንም፤ ቢ25070 በትውልድ አገር አይከፈልም። ፐምስ የሚባለውን የናሙና ጥሬ ፋይል መክፈት ያስፈልጋል። እዚያ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መቶኛ አለው፣ ከ101 በላይ የሆነው ሁሉ 101 ተብሎ ተቆርጧል። ቦታው ግን ካውንቲ አይደለም፤ ቢያንስ 100,000 ሕዝብ የሚይዝ ፑማ የሚባል ክልል ነው። ሞንትጎመሪና ፌርፋክስ ትልልቅ ስለሆኑ በብዙ ፑማ ይከፈላሉ፣ መልሶ መደመር ይቻላል። ህዳጉ በቀን 6 ቀመር አይወጣም፤ ከቤቱ ክብደት (አንዱ የናሙና ቤት ስንት ቤት እንደሚወክል ከሚናገረው ቁጥር) ጋር 80 ተደጋጋሚ ክብደቶች ይሰጣሉ፣ ስሌቱ 80 ጊዜ ይደገማል፣ ከዋናው ያለው ልዩነት ካሬው ተደምሮ በ4 ተባዝቶ ለ80 ይካፈላል፣ ሩቱ ይወሰዳል፣ በ1.645 ይባዛል። የመጀመሪያው ሙከራ በሞንትጎመሪ ይሆናል፤ የተገኘው የናሙና ቤት ብዛት ከ100 በታች ከሆነ አምስቱም ዓመት ተደምሮ እንኳን ቁጥሩ አይታተምም።